የጋሽ ወልዴ ጆሮ እና ገጽ ሁለት

ባለፈው ረቡዕ ጠዋት ናትናኤል ደወለና «ጋሽ ታዬ፣ ጋሽ ወልዴ አረፉ» አለኝ። ሰው እንዲህ ያለ መርዶ ሲሰማ ያለቅሳል፤ ወይም «ነፍሳቸውን ይማር» ይላል። እኔ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ስልኩን ከጆሮዬ አነሣሁና በሩን አየሁ። ቀጥሎ መስኮቱን። ልጄ ወጥ ቤት ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ከእሷና ከድመቷ በቀር በአካባቢው ማንም የለም። ዕድሜዬ ሰባ ስድስት ነው፤ የምኖረው ሚዛን ከተማ ነው፤ ያ ዘመንም ካለፈ ቆይቷል። የሰውየው ስም ሲጠራ ግን ዓይኔ ዛሬም ከእኔ ቀድሞ በሩ ላይ ይደርሳል።

«ይሰሙኛል ጋሽ ታዬ?»

«እሰማለሁ። ቀስ ብለህ ተናገር እንጂ!»

«ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ቦንጋ ነው። ቤተሰቡ የሕይወት ታሪካቸውን እርስዎ ጽፈው እንዲያነቡላቸው ይለምናሉ። ‹ያ አማርኛ አዋቂው ሰውዬ ይጻፍልን› ነው የሚሉት።»

አማርኛ አዋቂው! ጋሽ ወልዴን ጉድ የሠራቸው ይኸው አዋቂነቴ መሆኑን ቤተሰቡ አያውቅም። ናትናኤልም አያውቅም። የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነበርን፤ አሁን አንድ ቀረሁ። እውነቱን ለመናገር፣ መርዶውን ስሰማ ከሐዘኑ በፊት አንድ ክፉ ሐሳብ በአእምሮዬ ሽው ብሎ አልፏል፦ «በቃ፣ አሁን ማንም አያውቅም።» ከዚያ በኋላ ነው ያለቀስኩት።

ጋሽ ወልዴ የዋጫ ሰው ነበሩ። ወጣትነታቸውን በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ክላርኔት ሲነፉ ጨረሱት። ሠራዊቱ ሲበተን አገራቸው ገቡና ቦንጋ ገበያው አጠገብ የራዲዮና የቴፕ መጠገኛ ሱቅ ከፈቱ። «የቀድሞ ሠራዊት» የሚለው ስም በዚያን ጊዜ ሰውን የትም ቢሄድ ይከተለው ነበር። እሳቸው ግን ከዝናብ በቀር የሚፈሩት ያላቸው አይመስሉም። ዝናብን የሚፈሩትም ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ስለማያሰማቸው ነው። ቦንጋ እየኖሩ ዝናብን መጣላት ምን ያህል ድካም እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል።

የተበላሸ ራዲዮ ሲመጣላቸው አይከፍቱትም። መጀመሪያ በጣታቸው መታ መታ አድርገው ጆሯቸውን ይለጥፉበታል። በዚህ የተነሣ ከተማው «የጆሮ ሐኪም» ይላቸው ነበር።

እኔ ደግሞ ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ የቢሮ ጸሐፊ ነበርኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ጡረታ የወጣሁት እኔ እንጂ ፍርሃቴ ገና ሥራ ላይ ነው። በልጅነቴ ቅኔ ቤት ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ። መምህሬ «አንተ ልጅ ሰም ስትል ወርቁ ይጠፋብሃል፣ ወርቅ ስትል ሰሙ ይጠፋብሃል፤ ሂድ አባትህን እርዳ» ብለው ነው ያሰናበቱኝ። ከዚያ ያተረፍኩት ቅማልና ኩራት ነው። ቅማሉ በጊዜው ለቀቀኝ።

ከሥራ ስወጣ የማመሸው ጋሽ ወልዴ ሱቅ ነበር። እሳቸው የአፍ መፍቻቸው ካፊኖኖ ስለሆነ አማርኛቸው አጭር አጭር፣ ጭራው ቆረጥ ያለ ነው። እኔ ሆዬ ተቀምጬ አርማቸው ነበር!

«ጋሽ ወልዴ፣ ‹ሊድ ጊታር› አይባልም። አማርኛ አለን። ‹መሪ› ይበሉ።»

«ቤዝስ?»

«‹ከታች ያለው›።»

«ድራመር?»

«‹መቺ›።»

ከት ብለው ሳቁና «አንተ ጸሐፊ! ለጊታርም የሹመት ደብዳቤ ትጽፋለህ» አሉኝ።

ይህን ቀልድ በዚያው ትቼው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

የዘጠና ሰባቱ ምርጫ አልፎ ግርግሩ ባልበረደበት ሰሞን ነው። ያን ጊዜ ሰው ሁለት ሆኖ ከቆመ ሦስተኛው ዞር ብሎ ያልፋል። ቢሮ ውስጥ «ደህና አደራችሁ» የምንለው እንኳ ቀስ ብለን ነበር። በዚያ ሰሞን፣ ከዘመኑ ሁሉ መርጠው፣ ሦስት ሰዎች የሮክ ባንድ አቋቋሙ። ስሙን «ጉም» አሉት። ናትናኤል ከአዲስ አበባ የተመደበ የፊዚክስ መምህር ነው፤ ሊድ ጊታር ይጫወታል፣ ይዘፍናልም። አስራት የዋጫ ነርስ ነው፤ ቤዝ የእሱ ነው። ከበሮውን የሚመታው ከደካ የመጣ አናጺ ነበር፤ ያገኘውን ሁሉ እንደ ሚስማር ይመታል። ዘፈናቸው «አልመጣም» ይባላል። አንዲት ልጅ ሺሺንዳ መንገድ ዳር፣ ጉም ውስጥ ቆማ አውቶቡስ ትጠብቃለች። አውቶቡሱ አይመጣም። ዘፈኑ ይኸው ነው።

በካሴት ቀድተው ጋሽ ወልዴ ጋ አመጡትና «አስተያየት ይስጡን» አሉ። እኔም በርጩማዬ ላይ ነበርኩ።

ጋሽ ወልዴ ዘፈን የሚሰሙት ሦስት ጊዜ ነው። አንደኛውን ዓይናቸውን ጨፍነው። ሁለተኛውን መዳፋቸውን ድምፅ ማጉያው ላይ ጭነው። ሦስተኛውን ከሱቁ ወጥተው፣ በሩን ዘግተው፣ ከውጭ ሆነው። ያን ቀንም ወጡ፤ ካፊያው ፀጉራቸው ላይ አርፎ ተመለሱ። ናትናኤል ጥፍሩን ይበላል።

«ውጭ የሰማሁት አንድ ጊታር» አሉ። «ሊድ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ጮኸ። ቤዝ የት ሄደ?»

አስራት ከተቀመጠበት ብድግ አለ። «እኔም ብዬዋለሁ እኮ ጋሽ ወልዴ! ይሄ ሰውዬ ከራሱ በቀር ማንንም አይሰማም። ትዕቢተኛ ነው!»

«ተው» አሉት፤ እጃቸውን እንደ ትራፊክ ዘረጉ። «ስለ ዘፈኑ ተናገር። ስለ ሰውየው አትናገር። ስለ ሰውየው ከተናገርክ ዘፈን አይስተካከልም፤ ሰውየው ግን ይሸሻል።»

ወደ አናጺው ዞሩ። «አንተ ጎበዝ። እጅህ ጥሩ። ግን ሰዓቱ ሳይደርስ ትመታለህ። ጠብቅ። ሚስማር አይደለም፣ አያመልጥም።»

«ታዲያ እኔ ሊዱን ላጥፋው?» አለ ናትናኤል፣ ፊቱ ቀልቶ።

«አታጥፋ! ቆንጆ ነው፤ እኔ እንደሱ አልችልም። ሦስተኛው ዙር ላይ ብቻ ዝቅ በል። ያን ጊዜ ሁላችሁም አንድ ላይ ዝፈኑ። ልጅቷ ብቻዋን አይደለችም እኮ። እዚያ መንገድ ላይ ስንት ሰው አውቶቡስ ይጠብቃል።»

ናትናኤል ጥፍሩን መብላት አቆመ። ሦስቱም አንድ ላይ እያጉረመረሙ፣ እየሳቁ ወጡ። ሰው ተነቅፎ እየሳቀ ሲሄድ ያየሁት እዚያች ሱቅ ውስጥ ብቻ ነው። እኛ ቢሮ ግምገማ ሲሆን አሥር ሰው ገብቶ አሥር ሰው አጎንብሶ ነበር የሚወጣው።

በሳምንቱ ባንዱ ዘፈኑን የሚያቀርብበት አዳራሽ እንዲፈቀድለት ጠየቀና «የባለሙያ አስተያየት በጽሑፍ ይቅረብ» ተባለ። ጋሽ ወልዴ እኔን ጠሩኝ። «የኔ አማርኛ ወረቀት ላይ አይቆምም። አንተ ጻፍልኝ፤ እኔ እፈርማለሁ።»

ዕድሌ ደረሰ! ቢሮ ገብቼ በታይፕ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ገጽ አንድ ላይ የባንዱን ስም፣ የዘፈኑን ስም፣ የአባላቱን ዝርዝር አሰፈርኩ። ከራስጌውም፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «አጠናቅሮ የጻፈው» ብዬ ስሜን እስከ አያቴ በትልቁ ደረደርኩ። ገጽ ሁለት አስተያየቱ ብቻ ነው። ከግርጌው ጋሽ ወልዴ ፈረሙበት። በቃሌ ነው የምለው፤ ከአባታችን ሆይ ቀጥሎ እሱን ነው የማውቀው፦

«፩. መሪው ብቻውን ይጮኻል። ከታች ያለው አይሰማም።
፪. መቺው ብርቱ ነው፤ ነገር ግን ሰዓቱን ጠብቆ ይምታ።
፫. በሦስተኛው ዙር መሪው ይውረድ።
፬. ያን ጊዜ ሁሉም በአንድነት ይነሡ።»

ስጽፈው የታየኝ ጊታር ነው። እምላለሁ፣ ጊታር ብቻ! «ዝቅ ይበል» ተራ ሆነብኝና «ይውረድ» አልኩ። «ይዝፈኑ» ቀለለብኝና «ይነሡ» አልኩ። ያባረሩኝ የቅኔ መምህሬ ያቺን ገጽ ቢያዩ ከመቃብር ተነሥተው ይቅርታ ይጠይቁኝ ነበር፤ በዕድሜዬ ሰምና ወርቅ የሰመረልኝ ያን ቀን ብቻ ነው፤ ያውም ሳላውቀው።

ኮርቼ አላበቃሁም። ለራሴም ማስታወሻ ይሁነኝ ብዬ ፎቶ ኮፒ ላነሣ ሄድኩ። ገጽ አንድን አነሣሁ። ገጽ ሁለትን መስታወቱ ላይ አስቀምጬ ክዳኑን ስገጥም መብራት ጠፋ። «ነገ ይደርሳል» ብዬ ገጽ አንድን በኪሴ ይዤ ቤቴ ገባሁ። ገጽ ሁለት ትዝ ያለኝ ጠዋት ቁርሴን ስበላ ነው።

ሮጬ ደረስኩ። ክዳኑን ከፈትኩ። መስታወቱ ባዶ ነው።

ያን ጊዜ ነው ገጹ ለብቻው፣ ባንዱንና ጊታሩን በማያውቅ ሰው ዓይን የታየኝ። ማሽኑን ተደግፌ እንደቆምኩ አንድ ጓደኛዬ «አሞሃል እንዴ?» ሲለኝ «ቀለም አልቆበታል» አልኩት።

ሦስት ቀን ማንም ምንም አላለም። እንደዚያ ዝምታ የሚያስፈራ ነገር አላየሁም። በኮሪደሩ የሚያልፍ የጫማ ድምፅ ሁሉ እኔ በር ላይ የሚቆም ይመስለኛል። ላንድክሩዘር ሲቆም ፋይል አንሥቼ ፊቴን እሸፍናለሁ። ጋሽ ወልዴ ጋ ሄጄ ልነግራቸው ሦስቴ ተነሣሁ፤ ሦስቴም ሱቁን አልፌ ሄድኩ፤ ከእሳቸው ጋር እንዳልታይ ነበር የፈራሁት። በጎን አየኋቸው። አንድ ራዲዮ አቅፈው በጣታቸው መታ መታ ያደርጋሉ።

በአራተኛው ቀን አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ከበላይ ሁለት ሰዎች መጥተዋል። አለቃችን ወደ እኔ ዞሮ «ታዬ፣ ቃለ ጉባኤ ያዝ» አለኝ። ልብ በሉ፤ ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ፣ ስለ ወረቀቱ የሚባለውን የምጽፈውም እኔ! ገጽ አንድ በውስጥ ኪሴ ተጣጥፏል። ሳላቃጥለው የቀረሁት ጭሱ እንዳያሳብቅብኝ ፈርቼ ነው።

ጋሽ ወልዴ እርጥብ ኮታቸውን እንደለበሱ ገቡና ከፊት ተቀመጡ። ከሁለቱ መነጽር ያደረገው ገጽ ሁለትን ቆሞ አነበበ። «መሪው ይውረድ» ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ ጋሽ ወልዴን አየ።

«ፊርማው የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው።»

«የቀድሞ ሠራዊት ነበሩ አይደል? ‹መቺው› ማነው? የሚመታውስ መቼ ነው?»

«ከደካ አናጺ ነው። ሁልጊዜ ቶሎ ይመታል።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን ዋጠ። መነጽር ያደረገው ግን አልሳቀም። «ከታች ያለው የሚባለው ሕዝቡ ነው?»

«ቤዝ ነው። ዘፈን ነው ጌታዬ። ቴፕ ስጡኝ፣ ልክፈት።»

ከኪሳቸው ካሴቱን አወጡ። የመሥሪያ ቤቱ ቴፕ መጣ፤ የጠገኑት እሳቸው ናቸው። የናትናኤል ጊታር አዳራሹን ሞላው። ጋሽ ወልዴ በጣታቸው እያመለከቱ፣ ልክ ለባንዱ እንዳደረጉት፣ «ይሄ ሊድ። ጮኸ? አሁን ቤዝ ስሙ። አለ? የለም!» ይላሉ። ሁለተኛው ሰውዬ፣ ዝም ብሎ የቆየው፣ ሳያስበው «እውነትም አይሰማም» አለ። ትንፋሼ መለስ አለ። አለቀ ብዬ ነበር።

ቴፑ ቆመ። «‹አልመጣም› የሚለውስ? ምንድን ነው ያልመጣው?»

«አውቶቡስ።»

«የት የሚሄድ አውቶቡስ?»

«እሱን ልጅቷም አልነገረችን።»

መነጽር ያደረገው ወረቀቱን አነሣ። «ይሁን፣ ዘፈን ነው እንበል። ይህ ወረቀት የተገኘው በዚህ መሥሪያ ቤት ማሽን ላይ ነው። የእርስዎን አማርኛ እየሰማን ነው፤ ይህ የእርስዎ አማርኛ አይደለም። ከእነዚህ ሰዎች መሀል አንዱ ነው የጻፈው። ማነው? ይናገሩና ወደ ሱቅዎ ይሂዱ።»

እጄ ኪሴ ላይ ነበር። ገጽ አንድ ብትወጣ ሁሉ ነገር ይገለጣል፤ የባንዱ ስም አለ፣ የዘፈኑ ስም አለ። ከራስጌዋ ግን ስሜ እስከ አያቴ አለ። ብድግ ማለት ነበር። እጄን ከኪሴ አንሥቼ ብዕሬን ያዝኩ። ጋሽ ወልዴ ቀና ብለው ተሰብሳቢውን ከጫፍ ጫፍ አዩ። ዓይናቸው እኔ ላይ ደረሰ፤ ከሌላው ሰው ላይ ከቆየው ምንም ሳይጨምር አለፈ።

«ስለ ጽሑፉ ጠይቁኝ» አሉ። «ስለ ጸሐፊው አትጠይቁኝ።»

«ጸሐፊው» ብለው የሚጠሩት እኔን ነበር። ብዕሬ ወረቀቱ ላይ ቆመች።

ሦስቴ ጠየቋቸው። ሦስቴም ያንኑ መለሱ። ከዚያ ይዘዋቸው ወጡ። ከቃለ ጉባኤው መጨረሻ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር «ተሰብሳቢው በዝምታ ተለያየ» የሚል ነው። ሰዋስዉ ልክ ነው። እፍረት ግን የለውም።

አሥራ አንድ ቀን ታስረው ቆዩ። በእነዚያ ቀናት ያሰብኩት ስለ እሳቸው ነው ብል እዋሻለሁ። ያሰብኩት «ዛሬ ይናገሩ ይሆን?» እያልኩ ነው። ምግብ አልወርድ አለኝ፤ ቀበቶዬ ላይ ሁለት ቀዳዳ ጨመርኩ። አስራት መንገድ ላይ አግኝቶኝ «ጋሽ ታዬ፣ ምግብ እንኳ ቢገባላቸው አብረን እንጠይቅ» ሲለኝ «ጉንፋን ይዞኛል» አልኩት። እሱ ለብቻው ሄደ። እኔን ሙሉውን ክረምት አልለቅ ያለ ጉንፋን ያዘኝ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሱቁ ተከፈተ። ቀን ተሲያት ላይ ነው፤ ካፊያ አለ። ገባሁ። ጋሽ ወልዴ ሳያዩኝ አንድ ራዲዮ ላይ ጆሯቸውን ለጥፈዋል። ግራ ጆሯቸውን። ከአሥር ዓመት በላይ ሳያቸው የሚለጥፉት ቀኙን ነበር።

«ጋሽ ወልዴ» አልኩ። አልሰሙኝም። ዞሬ በግራቸው መጣሁ። «ጋሽ ወልዴ።»

ቀና አሉ። ምን እንደሆኑ አልጠየቅሁም። እሳቸውም አልነገሩኝም። እስካሁን ከሠራሁት ነገር ሁሉ ያ አለመጠየቄ ይከብደኛል፤ የጠየቀ መልሱን መሸከም አለበትና።

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት «ያቺን ገጽ ታስታውሳለህ?» አሉ።

«በቃሌ ነው።»

«በል።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። አልኳቸው፣ በሹክሹክታ። «ድገም» አሉና መዳፋቸውን ደረቴ ላይ፣ እንደ ድምፅ ማጉያው፣ ጫኑ። ስደግም ልቤ እጃቸውን ትገፋው ነበር። ከዚያ ተነሡ፣ ወጡ፣ በሩን ዘጉ። ገበያተኛ የሚያልፍበት መንገድ ላይ፣ ካፊያው ውስጥ ቆመው ሦስተኛውን ይጠብቃሉ።

«መሪው ብቻውን ይጮኻል...» አልኩ።

«አይሰማም!» አሉ ከውጭ።

በበሩ ሽንቁር የሰው እግር ሲያልፍ ይታያል። «ከታች ያለው...»

«አይሰማም!»

የቻልኩትን ያህል ጮኽኩ። ያቺን «ይውረድ» ስል ድምፄ እንደ ፍየል ተንቀጠቀጠ። ስጨርስ በሩ ተከፈተ። ተቀመጡ፣ ግራ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘንብለው አስተያየታቸውን ሰጡኝ።

«አማርኛህ ቆንጆ ነው። እኔ እንደሱ አልችልም። ግን ሊድ ብቻ ነው። ቤዝ የለም።» እንደገና ደረቴን በመዳፋቸው ነኩ። «ቤዙ እዚህ ይመታል። ሰማሁት። ወረቀቱ ላይ የለም።»

ሌላ ምንም አላሉም። ፈሪ ነህ አላሉኝም። ስለ ሰውየው አንድም ቃል አልተናገሩም። ከዚያ በኋላም ከቦንጋ እስክለቅ ድረስ በርጩማዬ አልተነሣም፤ የዞረው ወደ ግራቸው በኩል ብቻ ነው።

ባንዱ አዳራሹን አላገኘም፤ አባላቱም ተበታተኑ።

ሐሙስ ዕለት በሺሺንዳ በኩል ቦንጋ ገባሁ። አውቶቡሱ መጥቷል። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጥላ በጥላ ሆኗል፤ ናትናኤል ሽበት ጣል ጣል አድርጎበት፣ አስራት ከጎኑ ቆሟል። የሕይወት ታሪኩ ሁለት ገጽ ነበር። ገጽ አንድን አነበብኩ፤ ዋጫን፣ ክላርኔቱን፣ ሱቁን። ሰው አለቀሰ። ገጽ ሁለትን ገለጥኩ። ሳላስበው ዓይኔ ወደ ግቢው በር ሄደ። መለስኩት።

«ጋሽ ወልዴን ባሳሰረው በዚያ ወረቀት» አልኩ «‹መሪው ይውረድ› ብሎ የጻፈው እኔ ነኝ። እሳቸው አይደሉም።»

ዝናብ ጃንጥላዎቹ ላይ ይወርዳል። ከኋላ አንድ የማላውቀው ሰው እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «አይሰማም!» አለ።

ደገምኩት።